ቤት ጠባቂ ለመሆን የምታመለክቱ፣ ስለ ውሻው ጻፉ

ክረምት ሲገባና የፈረንጅ ገና ሲቃረብ በካዛንቺስ፣ በሳር ቤትና በቦሌ ብዙ ግቢዎች ያለ ባለቤት ይከርማሉ። የአፍሪካ ኅብረትና የኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ሠራተኞች ለእረፍት ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፤ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ የሚሻገሩ ወላጆችም አሉ። ቤት ተቆልፎ ይኬዳል፤ ውሻና ድመት ግን ተቆልፎባቸው አይኬድም።

ድሮ ቁልፉ ለጎረቤት ይሰጥ ነበር። የጎረቤት ልጅ ጠዋትና ማታ ብቅ እያለ ውሻውን ያበላል፣ መብራት ያበራል፣ ያጠፋል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 መግቢያ ላይ ደግሞ ከካዛንቺስ ነዋሪው በልማት ተነሺ ሆኖ ወደ ከተማዋ ዳር ሲሄድ ያ ጎረቤት አብሮ ሄደ። የቀረው ባለቤት አሁን የማያውቀውን ሰው ማመን ግድ ሆኖበታል። እስኪመለስ ቤቱ እያደረ እንስሳቱን የሚጠብቅ ሰው እንደሚፈልግ ለጓደኛ ይናገራል፣ ቴሌግራም ላይ ያስነግራል፣ ከሚመጣለት መልእክት መካከል አንዱን ይመርጣል።

ያልተመረጡት ወጣቶች «ሥራው ዘመድ ላለው ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ቅሬታቸው መሠረት አለው፤ በዚህ ከተማ ያለ ዋስ ቁልፍ የሚያስረክብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ወዳጆቼ ቤት ጠባቂ ሲያማርጡ የመጣላቸውን መልእክት አብሬያቸው አንብቤአለሁ። አብዛኛው አመልካች የሚወድቀው ዋስ ከመጠየቁ በፊት ነው።

የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦ «ሰላም፣ ማስታወቂያውን አይቼ ነው። ታማኝና ንጹህ ነኝ፣ እንስሳም በጣም እወዳለሁ።» ይህንኑ ሁሉም ይጽፈዋል። ባለቤቱ ግን የሚያስበው ሌላ ነው፦ ቦቢ አርጅቷል፣ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ይጮኻል፣ መድኃኒት አለው፣ እኔ ዋሽንግተን ሆኜ ማን ያየዋል? እንዲህ ላለ ሰው የሚከተለውን ብትጽፉለት በዚያው ይደውላል፦ «ቦቢ መድኃኒቱን የሚወስደው ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ? አልውጥም ካለ ምን ታደርጋላችሁ? የሚታከመው የት ነው? ድመቷ እንግዳ ስታይ የምትደበቅበትን ቦታ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል። እኔ የምሠራው ከቤት ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ ብቻቸውን አይሆኑም።» ጠያቂው ስለ ራሱ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ለውሻው የሚጠቅም ነው።

እንዲህ ለመጠየቅ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ደካሞች ነን። ለውሻ የተረፈ ወጥ መስጠት ልማዳችን ነው። ወጣችን ደግሞ በሽንኩርት የተቁላላ ነው፤ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ድመት ቀኑን ሙሉ አልበላም ካለች ሐኪም መጥራት ነው፤ ሳትበላ የሰነበተች ድመት ጉበቷ ይጎዳል። ከሁሉ በላይ የክትባት ካርዱን ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ከተነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መድረስ አለባችሁ። ይህን የምታውቁ መሆናችሁን ባለቤቱ ከሰማ ከሌሎቹ አመልካቾች ተለያችሁ ማለት ነው።

ስለ ጾሙም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቦቢ አይጾምም፤ በሁዳዴ 55 ቀናት ግን የሰፈሩ ሥጋ ቤት አብዛኛው ዝግ ነው። ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝታችሁ ታመጣላችሁ ወይስ ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል? መብራት ከጠፋስ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ እንዴት ይሆናል? እንዲህ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ቤት በሐሳቡ ኖሮበታል።

የቤቱን ጉዳይ አላበዛም። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበትን ቀንና የሮቶውን አሞላል፣ የካርድ ቆጣሪው የሚሞላበትን መንገድ፣ ክረምት ከሆነ የአሸንዳውን ነገር ጠይቁ፤ ይበቃል።

ዋስን በተመለከተ ሳትጠየቁ አቅርቡ። የፋይዳ መታወቂያችሁን፣ ከዚህ በፊት ያሠራችሁን ሰው ስልክ (ፈቃዱን ጠይቃችሁ)፣ ቢያንስ አንድ ባለቤቱ ሊያገኘው የሚችል ዋስ። ማንም ካላሠራችሁ ለፋሲካ ክፍለ ሀገር የሚሄድ የምታውቁት ቤተሰብ አይጠፋም፤ የእነሱን ድመት ለጥቂት ቀን ጠብቁና ምስክር አድርጓቸው። የመግቢያና የመውጫ ቀን ያለበት አጭር ውል እንዲጻፍ ራሳችሁ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለደነገገ፣ ጠባቂው ነገ ተከራይ ነኝ ይለኛል ብሎ የሚሰጋ ባለቤት አለ። ሥራው ጥበቃ እንጂ ኪራይ አለመሆኑ በጽሑፍ ሲሰፍር ሁለቱም ወገኖች ይረጋጋሉ።

ክፍያም በግልጽ ይነገር። በ2010 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ እንደተጀመረው ትረስትድ ሃውስሲተርስ ባሉ ድረ ገጾች ጠባቂው ገንዘብ አይቀበልም፤ ነፃ ማደሪያ ያገኛል። አገር ለሚጎበኝ መንገደኛ ይህ ይመቸዋል። የራሱን የቤት ኪራይ እየከፈለ የሰው ውሻ ሊጠብቅ ለሚመጣ የአዲስ አበባ ወጣት ግን ማደሪያ ክፍያ አይሆንም፤ ይህን እንደ ውለታ የሚያቀርቡ ባለቤቶች ትክክል ናቸው ብዬ አላምንም። ዋጋችሁን በመጀመሪያው ስልክ ንገሩ። ተሽኮርምሞ ቆይቶ በመጨረሻው ቀን ዋጋ የሚያነሳ ሰው ያሳስባል።

ከመመረጣችሁ በፊት አንድ ቀን ግቢውን ለማየት ሂዱ። ስትደርሱ ለዘበኛውና ለሠራተኛዋ በቂ ጊዜ ሰጥታችሁ ሰላምታ አቅርቡ፤ ባለቤቱ እናንተን ሸኝቶ ሲመለስ «ጋሼ፣ ልጁን እንዴት አየኸው?» ብሎ የሚጠይቀው ዘበኛውን ነው። ውሻው ጋ ስትቀርቡ ዓይን ዓይኑን አትዩት፣ እጃችሁንም ከላይ አትዘርጉበት፤ ቁጭ ብላችሁ እሱ መጥቶ እስኪያሸታችሁ ጠብቁ። ካልመጣም አትጥሩት። ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ለመምጣት ፈቃድ ጠይቁ።