«ካስቀየምኩህ» አትበሉ

የሐዋሳ ክርስቲያኖች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም አብራችሁ ስሙ። በዚህ ጉዳይ የምንለያይ አይመስለኝም።

«እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት የሚከብደው ሰው በመካከላችን የለም። በጸሎት እንላለን። ሰው ሲያመሰግነን እንላለን። ሻይ ቤት ተቀምጠንም እንላለን። ይህን ብሎ ፊቱ የቀላ ሰው አላየሁም። ግን አንዱ ቀና ብሎ «አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ለእኔ ዋሽተኸኛል» ቢለን ቡናው ሳይጠጣ ጠብ ይነሳል። ኃጢአታችንን በጅምላ እናምናለን፣ በችርቻሮ እንክዳለን።

ጳጉሜን ሲመጣ ወይም ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ቴሌግራማችሁን ተመልከቱ። «አውቄም ሆነ ሳላውቅ ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ።» አንዷ ጽሑፍ ስልኩ ላይ ላለው ሰው ሁሉ ትላካለች። ገንዘቡን የበላኸው ሰውም፣ ስሟን ያጠፋሻትም ጎረቤት ከመቶው ጋር ተደባልቀው ይደርሳቸዋል። ሽምግልና ላይ ደግሞ «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» የምትባል ነገር አለች። ካስቀየምኩህ ምን ማለት ነው? ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት ለእንጀራው ነው እንዴ?

በየአዳራሹ የሚሰጠውን ምስክርነትም አስተውሉ። ድሮ ጠጪ ነበርኩ፣ ድሮ ሱስ ነበረብኝ፣ ጌታ አወጣኝ። እሰይ፣ ስሙ ይመስገን። ግን «ትናንት ማታ ንዴቴን መቆጣጠር አቅቶኝ ልጄን የማይሆን ነገር ተናገርኩት፤ ጸልዩልኝ» የሚል ስንቴ ሰማችሁ? በወዲህ በኩል ደግሞ የሚያውቁንን የንስሐ አባት ሸሽተን፣ የማያውቁንን ፍለጋ ሌላ ደብር የምንሄድ አለን።

ጥፋቱ ግን የተናዛዡ ብቻ አይደለም። «አመልህን በጉያህ፣ ስንቅህን በአህያህ» እየተባለ ያደገ ሰው ነው። ሰሚውም ያስፈራል። አንዲት እህት በጸሎት ኅብረት መሀል «ትዳሬ ተቸግሯል» ብላ ብታለቅስ፣ «የጸሎት ርዕስ» ተብሎ ወሬው ከአቶቴ ፒያሳ ለመድረስ ባጃጅ እንኳ አያስፈልገውም። ይህን የምታደርጉ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በሰው ቁስል እንጨት እየሰደዳችሁ ነው። ከዚያ ዞራችሁ «የዘንድሮ ሰው ግልጽ አይደለም» ትላላችሁ።

ገበናችሁን ሁሉ አደባባይ አውጡ እያልኩ አይደለም። ማይክ ይዞ መዘርገፍም ራሱን የቻለ ትዕቢት ሊሆን ይችላል (አይተናል)። የበደላችሁትን ሰው ታውቁታላችሁ። ለእሱ፣ ያደረጋችሁትን በስሙ ጠርታችሁ ንገሩት።

መጽሐፉ እንደ እኛ አይሸፋፍንም። ጴጥሮስን የሐዋርያት አለቃ እንለዋለን፤ ክህደቱን ግን አራቱም ወንጌላት ጽፈውታል። አንዱ እንኳ ለክብሩ ብሎ አላለፈለትም። «ተሣሀለኒ እግዚኦ» ብለን የምንደግመው 50ኛው የዳዊት መዝሙር፣ በፕሮቴስታንቱ ቁጥር 51ኛው፣ ርዕሱ ላይ የቤርሳቤህ ስም አለ። ንጉሡ የሠራው ነገር ከጸሎቱ በላይ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። እኛ ደግሞ የአንድ ቀን ውሸት አምነን ብንቀበል ሰማይ የሚደፋብን ይመስለናል።

ዘኬዎስም «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ» ብሏል፣ እሱም «ከሆነ» ብሎ ነው የተናገረው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እሱ ግን እዚያው «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ፣ የሀብቱንም እኩሌታ ለድሆች ሰጠ። እንደ እሱ የምትከፍሉ ከሆነ «ካስቀየምኩህ» በሉ፣ ተፈቅዶላችኋል።

እንግዲህ ከራሳችን ከተማ እንጀምር። ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 ገብርኤል ከየአገሩ ሰው ይመጣል። ስለት ይዞ የሚመጣ አለ፣ ለአልጋ እንኳ የሚበቃ ገንዘብ የሌለው አለ። በዚያ ሰሞን የአልጋ ዋጋ እንደ ልባችሁ የምትጨምሩ፣ ከመናኸሪያ ያነሳችሁትን እንግዳ መንገድ ስለማያውቅ ብቻ በባጃጅ አዙራችሁ የምታስከፍሉ፣ በማግሥቱ ነጠላ አጣፍታችሁ ቅዳሴ ቆማችሁ «አቤቱ ማረን» ትላላችሁ። ባለ ባጃጁ ተሳፋሪውን ከየት ያገኘዋል፣ እሺ። ባለ አልጋዎች ግን፣ የእንግዳው ስልክ ቁጥር መዝገባችሁ ላይ አለ። ደውሉለት።