ያለ ውሃ ጥምቀት አለ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ ኩዌከሮች (እንግሊዝ ውስጥ የተነሣ የክርስቲያኖች ማኅበር አባላት) የውሃ ጥምቀትንና ቁርባንን መተዋቸው ልክ ነው። አንዲት ደጋፊና አንድ ተቃዋሚ ተጻጽፈውበታል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ ልክ ነው። መሥራቻቸው ጆርጅ ፎክስና ባልደረቦቹ በ1650ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሲሰብኩ፣ የኩዌከሮች የሃይማኖት ሊቅ ሮበርት ባርክሌይም በ1676 በላቲን ሲጽፍ፣ መነሻቸው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዮሐንስ በውሃ አጠመቀ፤ ክርስቶስ የሚያጠምቀው በመንፈስ ነው። ቁርባኑም በልብ ከእሱ ጋር መተባበር ነው። ጳውሎስ እንኳ «ለማጥመቅ ክርስቶስ አልላከኝም» ብሏል። ውሃ ገላ ከማርጠብ ሌላ ምን ይፈይዳል?

ተቃዋሚ፦ ገላ ከማርጠብ! እህቴ፣ እጅሽ እንዴት እሺ ብሎ ጻፈው? ጌታ ዮርዳኖስ የወረደው ገላውን ሊያረጥብ ነው? ጳውሎስንም ቆርጠሽ ነው ያመጣሽው። ትንሽ ከፍ ብትዪ ቀርስጶስን፣ ጋይዮስንና የእስጢፋኖስን ቤተሰብ ማጥመቁን ታገኚዋለሽ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባስ? «እነሆ ውሃ» ሲል ፊልጶስ «ተው፣ የልብህ ይበቃል» አላለውም፤ አብሮት ወረደ እንጂ።

ደጋፊ፦ ከፍ ብዬማ አንብቤዋለሁ። ከእነዚያ በቀር ማንንም ባለማጥመቁ እግዚአብሔርን የሚያመሰግነውም እዚያው ነው። መዳኛ ቢሆን ኖሮ «እሰይ፣ አላደረግኩትም» ይል ነበር? ደግሞ የታዘዘው ሁሉ በቁሙ ይፈጸም ከተባለ፣ ዮሐንስ 13 ላይ እግር ተጣጠቡም ተብሏል። የታለ?

ተቃዋሚ፦ የታለ? ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ብቅ በዪ፣ አባቶች እግር ሲያጥቡ ታያለሽ። ይቅርታ፣ ሲያረጥቡ! ጳውሎስ ያመሰገነው ቆሮንቶሶች «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» እያሉ ስለተከፋፈሉ ነው፤ ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል። ጃንደረባውን ግን ዘለልሽው። አሜሪካ ውስጥ የኦሃዮው የኩዌከር ሰባኪ ዴቪድ አፕዴግራፍ እንኳ በ1880ዎቹ በውሃ ተጠምቋል። እነሱም ራሳቸው አልተስማሙበትም ማለት ነው።

ደጋፊ፦ በ1887 እዚያው አሜሪካ፣ ሪችመንድ ከተማ ላይ የወጣው የኩዌከሮች መግለጫ እኮ የውሃውን ነገር አልተቀበለም። አንተ አንድ ቃል ይዘህ ሙጭጭ አልክ። ይልቅ ፍሬውን እይ። የፊላደልፊያ ኩዌከሮች በ1776 ባሪያ መያዝን ለአባሎቻቸው ሲከለክሉ፣ በውሃ የተጠመቀ ስንቱ ክርስቲያን በሰው ይነግድ ነበር! እነዚህን ክርስቲያን አይደሉም ለማለት ማን ሥልጣን ሰጠህ?

ተቃዋሚ፦ የት ላይ ነው እንደዚያ ያልኩት? ርዕሱን አትቀይሪብኝ። ለመሆኑ አንቺ ራስሽ ክርስትና አልተነሣሽም?

ደጋፊ፦ በሰማንያ ቀኔ፣ እያለቀስኩ። ማን ጠየቀኝ?

ተቃዋሚ፦ እንግዲህ ተጠምቀሽ ካበቃሽ በኋላ ነዋ፣ ውሃው አይረባም የምትዪን!