እርማት፦ ሎሚ ዓሣ አያበስልም
"ጥሬ ዓሣ ላይ ሎሚ ከተጨመቀበት በስሏል ማለት ነው፤ ትሉም ይሞታል" ላልከው ወንድሜ፦ ልክ አይደለም። የሎሚው አሲድ ሥጋውን ያነጣዋል፣ ያጠነክረዋል፣ የበሰለ ያስመስለዋል። ትሉን ግን አይገድልልህም።

እኔ ከግንባር ተመልሼ ነው እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ቢላዋ የጨበጥኩት። "ወታደር ሆነህ ጥሬ ትፈራለህ እንዴ?" የሚሉኝ አይጠፉም። አዎ፣ እፈራለሁ! ምሽግ ውስጥ ጥይት ያልነካውን ጎበዝ ተቅማጥ ሲጥለው አይቻለሁ።

ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ስትገነጥል ልቡ አካባቢ ተጠቅልሎ የምታገኘው ትል አለ። የትሉን እንቁላል የያዘ የዓሣ በል ወፎች ኩስ ወደ ውሃው ይገባል፤ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ከዚያ በጥቃቅን የውሃ ነፍሳት በኩል ዓሣው ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጣ፤ ትሉ ወደ ሥጋው ሊሻገር ይችላል።

የሚገድለው እሳት ነው፦ የዓሣው መሐል 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ። ቴርሞሜትር ከሌለህ ሥጋው ብርሃን የማያሳልፍ ሆኖ በሹካ ሲነካ በቀላሉ ከተላቀቀ በስሏል። ማቀዝቀዝም ይሠራል፣ ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን ነው፤ የቤት ፍሪጅ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ሎሚውን ዓሣው ከተጠበሰ በኋላ፣ ከዳጣው ጋር አቅርበው።