«ስቴንለስ አይዝግም» ላላችሁ፣ ኧረ ይዝጋል

«የአዳማ ፀሐይ ፋይበርግላስ ይጨርሳል፣ ስቴንለስ የውሃ ታንከር ግን ዕድሜ ልክ አይዝግም» ላልከው ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሁሉም የሚደጋግመው ስህተት ነው። ስቴንለስ የማይዝገው ላዩ ላይ ያለው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን እስካልተጎዳ ድረስ ነው። ይህን ሽፋን ደግሞ ክሎራይድ (በጨውም በበረኪናም ውስጥ ያለው) ይበሳዋል። እኛ ሰፈር ታንከር ሲታጠብ ምን ይደረጋል? በረኪና ይገለበጥበትና እስከ ጠዋት ያድራል! እኔም እንደዛ ሳደርግ ከርሜ አንድ ቀን ከታች፣ ብየዳው አጠገብ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቡናማ ነጥብ አየሁ። በጨርቅ ፈተግ ሳደርጋት ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረች። ከተለመደው የስቴንለስ ዓይነት ከ304 ይልቅ፣ ሞሊብዲነም የሚባል ክሎራይድን የሚቋቋም ብረት የተጨመረበት 316 ይሻላል፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ጋልቫናይዝዱማ (ዚንክ የተለበጠው ብረት) ዚንኩ ሲያልቅ ይዝጋል፣ በቃ።

ፋይበርግላስ ጭራሽ አይዝግም። ፀሐይ የሚበላው የላይኛውን ሽፋን ስለሆነ ቀለም ብትቀባው ወይ የቆርቆሮ ጥላ ብትሠራለት ይቆይልሃል። ስትገዛ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ መሆኑን ጠይቅ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ከሆነ ተወው፣ አልጌ ያበቅልብሃል። ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ስቴንለሱም ፋይበርግላሱም ጥርስ የሚያበላሸውን ፍሎራይድ አያወጡልህም።