ብሩኛቴሊስ?

ስለ ኤሌክትሪክ ልበጣ የወጣው ጽሑፍ ግሩም ነው፤ ግን በኤሌክትሪክ ወርቅ መለበጥ በ1840 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዞቹ ኤልኪንግተኖች ተጀመረ መባሉ አልተዋጠልኝም። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ብሩኛቴሊ በ1805 በቮልታ ባትሪ የብር ሜዳሊያዎችን በወርቅ ለብጦ ነበር። ኤልኪንግተኖች ፓተንት አውጥተው ሥራውን ፋብሪካ አስገቡት። እሱም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከዚያ በፊት ወርቁ በሜርኩሪ ተለውሶ ይቀባና ሜርኩሪው በእሳት ይተን ነበር፣ ጢሱን የሚምገው ያው አንጥረኛው ነው።

ሩሲያ ይሠራ የነበረው ሳይንቲስት ያኮቢ በጽሑፉ በአንድ መስመር መታለፉ ደግሞ ቅር አሰኘኝ። በ1838 ያስተዋወቀውን ጋልቫኖፕላስቲ (የአንድን ነገር ቅርጽ በኤሌክትሪክ በብረት የመቅዳት ዘዴ) ተማሪ ሳለሁ ሞክሬዋለሁ። ቅጠል ላይ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የግራፋይት ዱቄት ቀብቼ፣ ከባትሪው አሉታዊ ጫፍ ጋር አያይዤ፣ ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር በመዳብ ወጥቷል፤ ጠርዙ ላይ ግን የኤሌክትሪክ ጅረቱ ስለበዛ ኪንታሮት የመሰለ ነገር አብቅሎ ነበር።