ሳይክል አይገባም

ኔዘርላንድ ውስጥ ሳይክል የድሃም የሀብታምም ምልክት አይደለም። ዳኛውም ይነዳዋል፣ ጽዳት ሠራተኛዋም ትነዳዋለች። ከ2010 እስከ 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ማርክ ሩተ እንኳ ቢሮው በሳይክል ሲገባ ማየት ብርቅ አልነበረም። ሕዝቡ 18 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሳይክሉ ከሕዝቡ ይበልጣል።

እኔ የምኖረው ኡትሬክት ነው። የከተማዋ ዋና ባቡር ጣቢያ ሥር 12,500 ሳይክል የሚይዝ ባለ ሦስት ደረጃ ማቆሚያ አለ። የተጠናቀቀው በ2019 ነው። እየነዳህ ትገባለህ። ባዶ ቦታ ያለው የትኛው መደዳ እንደሆነ መብራቱ ያሳይሃል። አቁመህ ወደ ባቡርህ ትሮጣለህ። የመጀመሪያው 24 ሰዓት በነጻ ነው። ቅዳሜ ካሜራዬን ይዤ እዚያ መዋል እወዳለሁ። መሐንዲስ ነኝና ዓይኔ የሚሄደው ወደ መውረጃው ተዳፋት፣ ወደ መታጠፊያዎቹ ስፋት ነው። ዝናብ የደበደበውን፣ ልጅ ያዘለችውን፣ የቸኮለውን ሁሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦለታል። ይህ ልቤን ይነካዋል።

ባለፈው አገር ቤት ስገባ ሳይክል ተውሼ አዲስ አበባን ልዞርባት ተነሣሁ። አንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው እጁን ዘረጋ። "ወንድም፣ ሳይክል አይገባም።" ከኋላዬ የነበረችው መኪና ተፈትሻ ገባች። ቀጥላ የመጣችውም ገባች። ሕንፃው ከምድር በታች ሁለት ወለል የመኪና ማቆሚያ አለው። ለአንድ ሳይክል ግን አንድ ክንድ ግድግዳ ጠፋ። "ታዲያ የት ላቁመው?" ብዬ ብጠይቀው መልስ አልነበረውም። በሰውዬው አልፈርድም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ያበገነኝ ሕንፃውን የነደፈው የሙያ ባልደረባዬ ነው። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ አሥር ሳይክል ይቆማል። የሚያስፈልገው የታጠፈ የብረት ቱቦና ትንሽ ሲሚንቶ ነው። ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው የተከለከልኩት!

አክስቴ ደግሞ በሳይክል መምጣቴን ስታይ ደነገጠች። "ምነው ልጄ፣ ቸገረህ እንዴ? ሰው ምን ይለናል?" ብላ የታክሲ ብር ከመቀነቷ ፈታች። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። አብሮ አደጎቼም "ኢንጂነር ሆነህ በሳይክል?" አሉኝ። እነዚሁ ልጆች እኮ በሰፈራችን ሳይክል በሰዓት ለመከራየት ሳንቲም ስናጠራቅም አብረን ነበርን። ተራ ለመያዝ ስንጋፋ ነው የዋልነው። ያ ሁሉ ፍቅር ምን ላይ ወደ ሐፍረት እንደተለወጠ አልገባኝም። ደግሞ አገራችን በዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞቻችን ተወዳድረዋል። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ ሲነዳ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆነ።

"እነሱ ድሮም ባህላቸው ነው" የሚለው መልስ ሰልችቶኛል። ኔዘርላንዶችም መኪና ያሳበዳቸው ጊዜ ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከተሞቻቸውን ለመኪና ብለው ያፈርሱ ነበር። በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በትራፊክ አደጋ አለቀ። ከሟቾቹ ከ400 የሚበልጡት ሕጻናት ነበሩ። ወላጆች "ልጆችን መግደል ይቁም" ብለው አደባባይ ወጡ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ተጨመረበት፣ መንግሥትም እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ አገደ። ዛሬ የምናደንቀው ቀዩ የሳይክል አስፋልት የተገኘው በጩኸትና በክርክር ነው።

እኛም ጋ ጅምር አለ። ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚከፈትበት "መንገድ ለሰው" በ2018 ሲጀመር ደስ ብሎኝ ነበር። በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ተሠርቷል፣ ሄጄ ነድቼበታለሁ፣ አስፋልቱ ያምራል። ካሜራዬ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነው፦ መስመሩ ላይ የቆመ ሞተር፣ መስመሩ ላይ የሚራገፍ ዕቃ፣ አደባባይ ሲደርስ ድንገት የሚያልቅ ቀለም። ሳይክል ነጂው አደባባዩ ላይ ይብረር? መስመሩ የሚያስፈልገው እኮ እዚያ አደጋው ጋ ነው።

ዳገቱን የሚያነሡም አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ሽሮ ሜዳ ድረስ መግፋት ቀልድ አይደለም። ግን በባትሪ የሚታገዝ ሳይክል ከመጣ ቆየ። በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ የከለከለች አገር ስለ ኤሌክትሪክ ስታወራ የምታወራው ስለ መኪና ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ደግሞ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ናቸው። ባሕር ዳር በዘንባባው ሥር ሚስቱን ከኋላ፣ ልጁን ከፊት አድርጎ የሚነዳ አባወራ ማየት ተራ ነገር ነው። እዚያ ማንም "ቸገረህ ወይ?" አይልም። ስለዚህ እነዚህ ከተሞች ከኡትሬክት አንድ ነገር እንዲወስዱ እመኛለሁ። እዚህ የሳይክል መስመሮች በሚገናኙባቸው መስቀለኛ ቦታዎች ቁጥር የተጻፈበት፣ ወደ ቀጣዮቹ ቁጥሮች በቀስት የሚያመለክት ምሰሶ ቆሟል። ቁራጭ ወረቀት ላይ 14፣ 27፣ 31 ብለህ ጽፈህ ትወጣለህ፣ ቀስቱን ተከትለህ ቀኑን ሙሉ ትጓዛለህ። ስልክ አያስፈልግም፣ ኔትወርክ አያስፈልግም። ሐሳቡን ያመጣው ሁጎ ቦለን የሚባል ቤልጂየማዊ የማዕድን መሐንዲስ ነው። የመጀመሪያው መረብ በ1995 በቤልጂየም ሊምበርግ ተከፈተ፣ ከዚያ መላው ኔዘርላንድ ወሰደው። ስለ ፈጠራ ሲወራ ሁሉም ወደ አፕሊኬሽን ይሮጣል። ይህ ግን ምሰሶና ቀለም ነው። ጣና ዳርን፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያን በዚህ መንገድ ማያያዝ ይቻላል። እንግዳው በሳይክል ወጥቶ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሳይጠፋበት ይመለሳል።

የአንዱ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ፈቃደኛ ከሆነ የመስቀለኛዎቹን ካርታና የምሰሶውን ንድፍ እኔ በነጻ ሠርቼ እሰጣለሁ። ለሚቀጥለው ክረምት እረፍት ይደርሳል።