«ኦ» ነው ወይስ ዜሮ?

ዛሬ ጠዋት አሥር ሆሄያት ያሉት የማረጋገጫ ኮድ ከኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ እያነበብኩ ወደ ስልኬ ሳስገባ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩና አካውንቴ ተቆለፈ። ጥፋቱን በዓይኔ ላይ አላሳብብም። ኮዱ የተጻፈው አሁን አሁን በየመተግበሪያው በምናየው፣ ፊደላቱ ሁሉ ጥጋቸው የተድበለበለ ሣጥን በሚመስሉበት ፎንት ነበር። በዚህ ፎንት የላቲኑ «ኦ» እና ዜሮ መንትዮች ናቸው፤ «ዲ»ም ከእነርሱ የምትለየው በግራ ጎኗ ባሉት ሁለት ሹል ጥጎች ብቻ ነው።

የስክሪኑን ምስል አጉልቼ ስቆጥር የፊደሉ ቁመት 9 ፒክስል ሆኖ አገኘሁት። በዚህ መጠን የጥግ መድበልበል ማለት ዳር ላይ ያለችው አንዲት ፒክስል ፈዘዝ ማለቷ ነው፤ እኔም አካውንቴን የተነጠቅሁት ይህችን የፈዘዘች ነጥብ ባለማየቴ ነው። የ«ቢ»ና የ8፣ የ«ኤስ»ና የ5 ጉዳይማ ባይነሣ ይሻላል።

በዲዛይን ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ይህን የፊደል ዓይነት ጠልቼው አይደለም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። አሌሳንድሮ ቡቲና አልዶ ኖቫሬዜ እ.ኤ.አ. በ1952 በጣሊያን ቱሪን ለኔቢዮሎ የፊደል አምራች ድርጅት የዚህ ዓይነት ፎንት የሆነውን ማይክሮግራማን ሲሠሩ ትልልቆቹን የላቲን ሆሄያት እንጂ ትንንሾቹን አላካተቱም፤ ለርእስና ለአጭር ጽሑፍ የሚሆን ፊደል ነበርና። ትንንሾቹ የመጡት ኖቫሬዜ እ.ኤ.አ. በ1962 የማይክሮግራማን ተከታይ ዩሮስታይልን ሲያወጣ ነው። በትልቁ ሲጻፍ ጎኖቹ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን መስታወት ለስለስ ብለው ሲያብጡ ማየት ደስ ያሰኛል።

የሚያናድደኝ «ዘመናዊ ይምሰል» የተባለ ዲዛይነር ይህንኑ የርእስ ፊደል እስከ ውል ዝርዝሩና እስከ ማረጋገጫ ኮዱ ድረስ ማፍሰሱ ነው። ሁሉም ሆሄ አንድ ዓይነት ሣጥን ሲሆን፣ የትንንሾቹ «ኤ» እና «ኤስ» ክፍተትም ሊዘጋ ሲደርስ፣ ዓይን የሚይዘው ምልክት አጥቶ በየመስመሩ ይንሸራተታል። ይህን ለአንድ ባልደረባዬ ባነሣለት «ሰው ይለምደዋል» አለኝ። (እርሱ የሚሠራው በግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ ነው።) ብዙ ፎንቶች በሆዱ ሰረዝ ያለበት ዜሮ ይዘው እንደሚመጡ፣ እርሱን ለማብራትም አንዲት የኮድ መስመር እንደምትበቃ ስነግረው «ውበቱን ያበላሸዋል» ብሎ ዘጋኝ።

አካውንቴን ለማስከፈት አዲስ ኮድ ተልኮልኛል፤ ፎንቱ ያው ነው፤ አራተኛው ሆሄ ወይ «ኦ» ነው፣ ወይ ዜሮ ነው፣ ወይ ደግሞ «ዲ» ነው።